ፍሬት የሌለው ኤሌክትሪክ ጊታር፦ እንዴት ይጫወቱታል? ምንስ ይጫወቱበታል?

ጊታር የለመደ ሰው ፍሬት፣ ማለትም በአንገቱ ላይ የሚደረደሩት የብረት ዘንጎች፣ የሌለው ጊታር መጀመሪያ ሲይዝ ይደነግጣል። ጣቶቹ ለዓመታት የሚያውቁት ቦታ ላይ ያርፋሉ፤ የሚወጣው ድምፅ ግን ፎርሽ ነው። ትንሽ ገፋ ያደርገዋል፣ አሁንም ፎርሽ ነው። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ልያዝ ሲል ስድስቱም ክሮች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ቀጫጭኖቹ ክሮች ደግሞ ገና ከመመታታቸው ድምፃቸው ይሞታል። ብዙ ሰው ጊታሩን መልሶ የሚያስቀምጠው እዚህ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍኩት የማውቃቸውን ዘፈኖች ሁሉ ልጫወትበት እየታገልኩ ነበር፤ አንዱም አልሆነልኝም።

የሆነልኝ ዘፈኖቹን ትቼ መሣሪያው ራሱ ምን እንደሚወድ መጠየቅ ስጀምር ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ነው። ለዚህ ጊታር የሚሆን አጨዋወትም ሆነ ዜማ የሚገኘው ከድክመቶቹ ውስጥ ነው። ድክመቶቹን ለመረዳት ደግሞ መጀመሪያ የተነቀለው ነገር ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ፍሬቱ ምን ይሠራ ነበር?

ፍሬት በጊታር አንገት ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ናቸው። ክሩን ስንጫን የክሩ ንዝረት የሚቆመው ጣታችን ባረፈበት ቦታ ሳይሆን ከጣታችን ፊት ባለው ብረት ላይ ነው። ስለዚህ ጣት ትንሽ ወደ ኋላ ቢቀር ድምፁ አይለወጥም፤ ብረቱ ስህተታችንን ይሸፍንልናል። ሁለተኛ ሥራም አለው። ክሩ በአንድ ጫፍ ብሪጁ (በጊታሩ ሆድ ላይ ክሮቹን የሚይዘው ድልድይ) ላይ፣ በሌላው ጫፍ ፍሬቱ ላይ ያርፋል፤ ሁለቱም ጠንካራ ስለሆኑ ንዝረቱ ቶሎ አይጠፋም።

የፍሬቶቹ አቀማመጥ ራሱ አንድ ስምምነት ነው። ኦክታቩ፣ ማለትም ከአንድ ኖታ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ኖታ ያለው ርቀት፣ ለ12 እኩል ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ድምፅ ይባላል። ግማሽ ድምፁ ደግሞ 100 ሴንት ተብሎ ይለካል፤ አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው ማለት ነው። ይህ አከፋፈል ከየትኛውም ኖታ ተነስቶ ለመጫወት ያስችላል፤ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው። ነገር ግን ዋጋ ተከፍሎበታል። ሁለት ድምፆች ፍጹም ተስማምተው የሚገጥሙበት ቦታና ፍሬቱ ያለበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አምስተኛው (ከመነሻው ኖታ 7 ግማሽ ድምፅ የሚርቀው) የሚሳሳተው 2 ሴንት ብቻ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ሜጀር ሦስተኛው (4 ግማሽ ድምፅ የሚርቀው) ግን ከተፈጥሯዊው 14 ሴንት ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ጆሯችን ስለለመደው እንጂ የተጣመመ ነው።

ይህን በወሬ ከመስማት በጣት መሞከር ይሻላል። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊሜትር የሆነ የተለመደ ኤሌክትሪክ ጊታር እንውሰድ። ጂ የሚባለውን ኖታ የሚሰጠውን ሦስተኛውን ክር ክፍት፣ ማለትም በጣት ሳይያዝ፣ እንዲጮህ እንተወው። በአራተኛው ክር ላይ 9ኛው ፍሬት ይሆን በነበረበት ቦታ ጣት እናሳርፍና እዚያ የሚገኘውን ቢ የሚባል ኖታ ከጂው ጋር አብረን እንምታ። አምፕሊፋየሩ ላይ ዲስቶርሽን (የሮክ ጊታርን ድምፅ የሚያሻክረው ለውጥ) ይኑር። የምንሰማው ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ በሴኮንድ 8 ጊዜ ያህል ዋው ዋው ይላል። አሁን ጣታችንን ሳናነሳ ወደ አንገቱ ራስ በጣም በቀስታ እንሳበው። መንቀጥቀጡ ይዘገያል፤ 5 ይሆናል፣ 2 ይሆናል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ጣታችን የተጓዘው 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጸጥ ባለበት ቅጽበት ደግሞ ማንም ያልነካው ሌላ ድምፅ ከታች ይወጣል፤ ወፍራም ጂ፣ ከመታነው ጂ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ያለ። የመታነው ጂ በሴኮንድ 196 ጊዜ፣ ቢው አሁን 245 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ የሁለቱ ልዩነት 49 ነው፤ 49 ደግሞ ራሱ ጂ ነው። ዲስቶርሽን ይህን ልዩነት ወደሚሰማ ድምፅ ይለውጠዋል። ፍሬት ባለው ጊታር ላይ ልዩነቱ 51 ገደማ ስለሚሆን የሚወጣው የታች ድምፅ ከጂ ጋር አይገጥምም፤ ኮርዱን ያቆሽሸዋል እንጂ አያቆመውም። የሮክ ተጫዋቾች በዲስቶርሽን ሙሉ ኮርድ መምታት ትተው በአምስተኛ ብቻ የሚጫወቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህን ጸጥታ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ፍሬት ለምን እንደሚነቀል ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ዋጋውም እዚያው ሚሊሜትር ላይ ነው። ከአንገቱ ራስ አጠገብ 1 ሚሊሜትር መሳሳት 3 ሴንት እንኳ አያህልም። ኦክታቩ ላይ ስንደርስ ያው 1 ሚሊሜትር 5 ሴንት ይሆናል፤ ሁለተኛው ኦክታቭ ጋ ስንጠጋ ደግሞ 11 ሴንት ገደማ። የመጀመሪያው ግማሽ ድምፅ ከ36 ሚሊሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው ከኦክታቩ በላይ ያለው 18 ብቻ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር መሬቱ እየጠበበ ይሄዳል።

ከዚህ በፊት የሄዱበት

ፍሬት አልባ መሣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። ዑድ፣ ቫዮሊን፣ የሕንዱ ሳሮድ ፍሬት የላቸውም፤ መሰንቆማ ጣት የሚጫንበት ሰሌዳ እንኳ የለውም፣ ጣቱ ክሩን በአየር ላይ ነው የሚነካው። አዲሱ ነገር ይህ ነፃነት ስድስት ክር ወዳለውና በአምፕሊፋየር ወደሚጮኸው ጊታር መምጣቱ ነው።

ቱርካዊው ኤርካን ኦውር እ.ኤ.አ. በ1976 ፍሬት አልባ ክላሲካል ጊታር ሠራ። የሚፈልገው የአገሩን የዜማ ስልት፣ ማካምን፣ በጊታር መጫወት ነበር፤ በቱርክ የሙዚቃ ትምህርት አንድ ሙሉ ድምፅ ኮማ ለሚባሉ 9 ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል፣ በ12 ፍሬት ደግሞ እነዚያን ቦታዎች ማግኘት አይቻልም። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጃኮ ፓስቶሪየስ በስሙ የተሰየመውን የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቶ ፍሬት አልባ ቤዝ ጊታር ምን ማድረግ እንደሚችል ለዓለም አሳየ። አሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፍሬት አልባ ኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቷል።

ከዚያ በኋላ የመጡት በየፊናቸው ሄደዋል። ሮን ታል፣ በመድረክ ስሙ ባምብልፉት፣ በሄቪ ሮክ ውስጥ ተጠቅሞበታል፤ የሮክ ባንዱ ጋንስ ኤንድ ሮዝስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው አልበም ላይ የሚሰሙት ተንሸራታች መስመሮች የእሱ ናቸው። ዴቪድ ፊውቺንስኪ ሁለት አንገት ያለው ጊታር ይዞ አንዱን ፍሬት ያለው፣ ሌላውን ፍሬት አልባ አድርጎታል። ይህ የእሱ ውሳኔ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ኮርዱን ለሚመቸው፣ ዜማውን ለሚመቸው አከፋፈለ እንጂ አንዱን የሌላውን ሥራ እንዲሠራ አላስገደደውም። ቤዙ ለብዙ ሰው የተለመደ ሆኖ ጊታሩ ግን እስካሁን የጥቂቶች ሆኖ የቀረበት ምክንያት ደግሞ ከድምፁ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው።

የሚሞተው ድምፅ

ፍሬት ሲነቀል የክሩ አንድ ጫፍ ሥጋ ላይ ያርፋል። ሥጋ ለስላሳ ነው፤ ንዝረቱን ይመጠዋል፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ቀጫጭኑን፣ የሚያብለጨልጨውን የድምፁን ክፍል። የቤዝ ክር ወፍራም፣ ከባድና ረጅም ስለሆነ ብዙ ጉልበት ይይዛል፤ ጣት ቢመጥበትም የሚተርፈው አለው። የጊታር የመጀመሪያው ክር ግን በጣም ቀጭን ነው። ተመታ፣ ጠፋ።

የመጀመሪያው መፍትሔ ሰሌዳው ነው። ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ በጠነከረ ቁጥር ድምፁ ይረዝማል። ፓስቶሪየስ የቤዙን እንጨት ለጀልባ በሚሠራ ኤፖክሲ ለብጦታል፤ ሽፋኑ እንጨቱን ከብረት ክር መፋቅም ይጠብቀዋል። የፈረንሳዩ ጊታር አምራች ቪዢዬ ሰርፍሬተር ለተባለው ጊታሩ የብረት ሰሌዳ ይጠቀማል፤ አሜሪካዊው ጊታሪስት ኔድ ኤቬት መስታወት መርጧል። ሳሮድም ከዚህ ሁሉ በፊት የብረት ሰሌዳ ነበረው፤ ተጫዋቾቹም ክሩን የሚጫኑት በጥፍራቸው ጫፍ ነው፤ ሥጋ ከመሃል እንዲወጣ። ጊታር ላይ ጥፍርን እንዲህ መጠቀም የብዙ ሰው እጅ አይፈቅድለትም፤ ግን ጣትን ከወትሮው አቁሞ በጫፉ ብቻ መጫን ራሱ ድምፁን ያጠራዋል።

ሁለተኛው መፍትሔ ኤሌክትሪክ ነው። ኮምፕረሰርና ዲስቶርሽን እየደከመ ያለውን ድምፅ ወደ ላይ ስለሚያነሱት ረጅም ይመስላል። ኢቦው የሚባለው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ደግሞ ክሩን በማግኔት ኃይል ሳያቋርጥ ያንቀጠቅጠዋል፤ ጊታሩ በቀስት እንደሚመታ መሣሪያ ይሆናል።

ሦስተኛው መፍትሔ ዋናው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያም አጭሩን ድምፅ እንደ አጭር ድምፅ መቀበል ነው። ፍሬት አልባ ጊታር ላይ ሁሉም ድምፅ አጭር አይደለም። ክፍት ክሮችና ሃርሞኒኮች (ክሩን ሳይጫኑ ዳሰስ ብቻ በማድረግ የሚወጡ ጥርት ያሉ ድምፆች) የሚያርፉት ጠንካራ ነገር ላይ ስለሆነ እንደ ድሮው ረጅም ናቸው። በጣት የተያዙት ብቻ ናቸው አጭርና ደብዛዛ፤ ሰው በለሆሳስ እንደሚናገር ዓይነት። አንድ መሣሪያ ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ ማለት ነው፤ የሚዘምርና የሚናገር። ለዚህ ጊታር የሚጽፍ ሰው ይህን ልዩነት ከተጠቀመበት ግማሹ ሥራ አልቆለታል። ክፍቶቹ ክሮች ከሥር ጸንተው ይቆያሉ፣ የተያዘው ክር በላያቸው አጭር አጭር ሐረግ ይናገራል፣ ሐረጉ ሲያልቅ ሃርሞኒክ ይዘጋዋል።

አዳዲስ አጨዋወቶች

የጣት ቦታ ይቀየራል። ፍሬት ባለው ጊታር ጣት ከብረቱ ኋላ ይቀመጣል፤ እዚህ ግን ብረቱ በነበረበት መስመር ላይ በትክክል መቆም አለበት፤ የድምፁን ከፍታ የሚወስነው ወደ ብሪጁ የዞረው የጣቱ ጠርዝ ነው። አንዳንድ ጊታሮች ፍሬቱ በነበረበት ቦታ ቀጭን መስመር ይተውላቸዋል። መስመሩ ይረዳል፣ ይዋሻልም፤ ከላይ ወደ ታች አዘንብለን ስለምናየው ጣታችን በትክክል ያረፈ መስሎን ጥቂት ሚሊሜትር እንስታለን። በአንገቱ ጎን ላይ ያሉት ነጥቦች የተሻሉ ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጸንቶ የሚቆይ አንድ ድምፅ ከፍቶ በጆሮ መለማመድ ነው። የድምፁን ትክክለኛነት የሚለካውን ቲውነር ከተጫወትኩ በኋላ ለማረጋገጥ ነው የማየው፤ እያየሁት ስጫወት ጆሮዬ ሥራውን ያቆማል።

ቫይብራቶም ይለወጣል። በተለመደው ጊታር ክሩን ወደ ጎን ስለምንገፋው ድምፁ የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ነው። እዚህ ጣት በክሩ ርዝመት ወደፊትና ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ድምፁ ከመሃሉ ወደ ሁለቱም በኩል ይወዛወዛል፣ እንደ ዘፋኝ።

መንሸራተት የዚህ ጊታር ትልቁ ስጦታም ትልቁ ወጥመድም ነው። ጀማሪ በየኖታው መካከል ይንሸራተታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አድማጩ ይሰለቻል። ዘፋኞችን ቀስ አድርገን ስናዳምጥ ግን ይህን አያደርጉም። ከአሥር ኖታ ምናልባት ሁለቱን ያንሸራትታሉ፤ እሱንም መቼ እንደሚጀምሩና መቼ እንደሚደርሱ ያውቃሉ። መትቶ ወዲያው መንሸራተት፣ መትቶ ኖታውን ሙሉ ጊዜውን ካቆዩ በኋላ መጨረሻ ላይ መንሸራተት፣ ተንሸራትቶ ሲደርሱ መምታት፤ እነዚህ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ንግግሮች ናቸው። እኔ መንሸራተትን እንደ አንድ ኖታ ነው የምቆጥረው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ምት ሊኖረው ይገባል።

ሌላ መሣሪያ የማይሰጠውን ፍለጋ ስገባ ያገኘሁት ግን ይህ ነው። ጣት ላይ በሚጠለቅ የስላይድ ቱቦ የሚጫወት ሰውም ይንሸራተታል፤ ቱቦው ግን አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ስለሆነ ሁሉንም ክር ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚወስደው። ፍሬት አልባ ጊታር ላይ ጣቶች ነፃ ናቸው። ጠቋሚ ጣትን በሁለተኛው ክር 12ኛው ቦታ ላይ፣ ትንሿን ጣት በሦስተኛው ክር 16ኛው ቦታ ላይ እናሳርፍ። ሁለቱም ያው ቢ ናቸው፤ እንደ አንድ ድምፅ ይሰማሉ። አሁን ሁለቱን አብረን እንምታና ጠቋሚዋን ወደ ብሪጁ፣ ትንሿን ወደ አንገቱ ራስ እናንቀሳቅስ። ጣቶቹ ሲቀራረቡ ድምፆቹ ይራራቃሉ። አንድ የነበረው ድምፅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ይፈጥናል፣ ይሻክራል፣ ሁለት ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱም ጣቶች 14ኛው ቦታ አካባቢ ሲገናኙ ሜጀር ሦስተኛ ሆኖ ያርፋል። በአንዲት እጅ፣ ከሦስት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ። ይህን እንቅስቃሴ ብቻ ይዞ ሙሉ ጥናት መጻፍ ይቻላል።

ሃርሞኒክም አዲስ ሕይወት ያገኛል። ግራ እጅ አንድ ኖታ ይዞ ሳለ የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት ከዚያ ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ክሩን ዳሰስ ያደርጋል፤ በአውራ ጣት ወይም በፒክ ሲመታ ጥርት ያለ ሃርሞኒክ ይወጣል። ከዚያ ግራ እጅ ይንሸራተት። ፍሬት ቢኖር ድምፁ ደረጃ በደረጃ ይወርድ ነበር፤ እዚህ እንደ ፉጨት ሳይቆረጥ ይፈስሳል።

ኮርድን በተመለከተ ጨካኝ መሆን ያስፈልጋል። ስድስት ክር የያዘ ኮርድ በአንድ ጣት ደፍኖ መያዝ አይሠራም፤ ጣት እንደ ብረት ቀጥ ያለ ስላልሆነ አንዱ ክር ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል። ሁለት ድምፅ በቂ ነው፤ ሦስተኛው ከተፈለገ ክፍት ክር ይሁን።

ዜማው ከየት ይምጣ?

ለዚህ ጊታር የተጻፈ ሙዚቃ ጥቂት ነው። ይህ ያስከፋል፣ በዚያው ልክ ግን ያስደስታል፤ መሬቱ ገና አልታረሰም።

የመጀመሪያው ምንጭ የሰው ድምፅ ነው። አንድ ዘፋኝ ያለ አጃቢ የዘፈነውን አጭር ሐረግ፣ አሥራ አምስት ሴኮንድ ይበቃል፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ መስማትና እያንዳንዱን መንሸራተት፣ እያንዳንዱን ዝቅ ያለ ሦስተኛ እንዳለ መቅዳት። ከስኬል ልምምድ ይልቅ ይህ አስተምሮኛል።

ሁለተኛው ምንጭ ፍሬት አልባ መሣሪያዎች ያላቸው የቆየ ባህል ነው። እዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቱርኩን ማካም ኡሻክን እንውሰድ፤ ሁለተኛው ኖታ በጽሑፍ አንድ ቦታ አለው፣ ተጫዋቾች ግን ከተጻፈው ዝቅ አድርገው ነው የሚይዙት፣ በተለይ ዜማው ሲወርድ። ቦታው ከዜማው አካሄድ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከመጽሐፍ የሴንት ቁጥር ወስዶ ጣትን እዚያ መቸከል ያንን ሙዚቃ መጫወት አይደለም። ማዳመጥ፣ ከተቻለም ከባለቤቱ ጎን ተቀምጦ መማር ነው መንገዱ። ፍሬት መንቀል በሩን ይከፍታል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባም።

ሦስተኛው ለመሣሪያው ራሱ መጻፍ ነው፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። እኔ የምጀምረው ከኖታ ሳይሆን ከእንቅስቃሴ ነው። ከላይ ያየነውን ተቃራኒ መንሸራተት እወስድና እጠይቀዋለሁ፤ በዝግታ ቢሆንስ? ከሜጀር ሦስተኛ ተነስቶ ወደ አንድ ድምፅ ቢመለስስ? ከሥር ክፍት ዲ ቢጮህስ? መልሶቹ ሲደረደሩ ዜማ ይሆናሉ።

ከዚያ ወረቀት ላይ ማስፈር ይመጣል፤ አስቸጋሪው ሥራም እሱ ነው። የጊታር ታብላቸር የፍሬት ቁጥር ነው፣ ፍሬት ከሌለ ቁጥሩ ምን ይላል? አንዳንዶች በነጥብ ይጽፋሉ፤ 8.9 ከ9ኛው ቦታ ትንሽ ዝቅ ማለት ነው። ለእጅ ይጠቅማል፣ ለጆሮ ግን ምንም አይነግረውም። የተለመደውን ኖታ ጽፎ በላዩ ልዩነቱን በሴንት ማስፈር የተሻለ ነው፤ ቢ፣ በላዩ ዝቅ 14። ለመንሸራተት መስመር ብቻ አይበቃም፤ መስመሩ የሚነሳበትንና የሚያርፍበትን ምት ጭንቅላት በሌለው ኖታ ማሳየት ያስፈልጋል፣ አለዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። የክሩንም ቁጥር መጻፍ ግድ ነው። ያው ኖታ በክፍት ክር ሲመታ ይዘምራል፣ በተያዘ ክር ሲመታ ይናገራል፤ አቀናባሪው የትኛውን እንደፈለገ ካልተናገረ ዜማው ሌላ ዜማ ይሆናል።

የጻፍኩትን የመጀመሪያ አጭር ጥናት ለአንድ ጊታሪስት ጓደኛዬ ያለምንም ማብራሪያ ሰጥቼው ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመና ጠየቀኝ፦ «ይሄ መንሸራተት ሲደርስ ልምታው ወይስ ልተወው?» ወረቀቱ ላይ አልነበረም። አሁን በእያንዳንዱ መድረሻ ላይ ትንሽ መስቀል ወይም ትንሽ ክብ አደርጋለሁ፤ መስቀል ምታ፣ ክብ ተው።